መቶ ይሙላ ወይስ ሰማንያ ይበቃዋል?

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ነዳጅ መቅዳትን የተማረው ከሰልፍ ነው። ማደያው ቤንዚን ገባለት ሲባል ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ አፉ ድረስ ያስሞላል። በጎዶሎ ታንክ ማደር የነገን ጉዳይ ለዕድል መተው ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ሲነገር፣ ይህ ልማድ ባለቤቱን ተከትሎ ወደ አዲሱ መኪና ተሻገረ። መብራት ካለ ይሰካ፤ ሳይሄድብን መቶ ይሙላ። ይህን በስልክ የሰማ የሜሪላንድ ወይም የሚኒያፖሊስ ዘመድ ክው ይላል። «ኧረ ከሰማንያ እንዳታሳልፈው! ባትሪውን ትገድለዋለህ።»

የመንግሥት ባለሥልጣናት እንደሚሉት በአገሪቱ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በዋጋ የሚበልጠው ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ነው። ስለዚህ የመቶና የሰማንያ ክርክር የቡና ወሬ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ያለበት ጉዳይ ነው። የተጠናውን፣ አምራቾች የሚመክሩትንና እዚህ በየግቢያችን የሚደረገውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን ክርክሩ የተያዘው ከጥያቄው ትንሹ ክፍል ላይ ሆኖ አገኘሁት። ከመቶኛው ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ባትሪው ከምን ተሠራ? ሞልቶና ሞቆ ስንት ሰዓት ይቆማል? ኤሌክትሪኩስ በየትኛው ሽቦ ነው የሚመጣለት?

እንደ ምጣድ መሟሸት

አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። እንጀራው እንዳይያዝ የሚያደርገው ቅባቱ ከሸክላው ጋር ተቃጥሎ የሚተወው ስስ ሽፋን ነው። የሊቲየም ባትሪም ገና ፋብሪካ ውስጥ እያለ፣ በመጀመሪያው ቻርጅ፣ ይሟሻል ማለት ይቻላል። ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ሲገባ በመሀል ያለው ፈሳሽ በጥቂቱ ይፈራርሳል፤ ፍርስራሹም በግራፋይቱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይሠራል። ያለዚህ ሽፋን ፈሳሹ መፈራረሱን አያቆምም፣ ባትሪውም አይሰነብትም ነበር። ልዩነታቸው ወዲህ ነው፤ ምጣዱ ጥሩ ከተሟሸ ሽፋኑ ባለበት ይቆያል፣ የባትሪው ግን ዕድሜ ልኩን በዝግታ ይወፍራል። የሚወፍረውም ከባትሪው ከራሱ ሊቲየም እየወሰደ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ተይዞ የቀረ ሊቲየም ዳግመኛ ኃይል አይሸከምም። ሲገዛ 400 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ከዓመታት በኋላ 350 ላይ የሚያበቃው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ እርጅና መኪናው ቆሞም ቢሆን ይቀጥላል። የሚያፋጥኑት ሙቀትና ሞልቶ መቆየት ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሁለተኛው ዓይነት እርጅና ከመሙላትና ከመጉደል የሚመጣ ነው። ግራፋይት ሊቲየም ሲገባበት መጠኑ 10 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ሲወጣለት ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ላይም አዲስ ሽፋን መሠራት ይጀምራል፣ ለሽፋኑም አዲስ ሊቲየም ይሄዳል። ከ70 ወደ 40 ወርዶ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ከመቶ ወደ ዜሮ እየወረደ ከሚሞላው የበለጠ የሚሰነብተው ለዚህ ነው። «ሙልጭ አድርጎ ሳይጨርስ አይሰካም» የሚለው የድሮ ምክር ከኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን የተረፈ ነው። እነዚያ በየመሀሉ ሲሞሉ አቅማቸው የሚቀንስ ይመስሉ ነበር። ለሊቲየም ያንን ምክር መከተል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ታዲያ በተግባር ምን ያህል ያረጃል? ጂኦታብ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ከብዙ ሺህ መኪኖች መረጃ ሰብስቦ በመጀመሪያው ጥናቱ አማካዩን ቅናሽ በዓመት 2.3 በመቶ አድርጎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደግሞ 1.8 በመቶ ሆነ። በሁለተኛው ሒሳብ ከሄድን ከ8 ዓመት በኋላ የሚጎድለው 14 በመቶ ግድም ነው። ለ8 ዓመት መኪና ይህ መጥፎ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ፍርሃት የነበራቸውን ሰዎች የሚያጽናና ነው። 92 የገበያ ባትሪዎችን ከሁለት ዓመት በላይ ፈትነው፣ ቤተ ሙከራዎች እንደሚያደርጉት በአንድ ወጥ ፍጥነት ከሚጎድሉት ይልቅ እንደ እውነተኛ መንዳት ሄድ ቆም፣ ፈጠን ዘግየት እያሉ የሚጎድሉት እስከ 38 በመቶ የበለጠ ዕድሜ እንዳላቸው አገኙ። የመገናኛ መጨናነቅ የአሽከርካሪውን ጤና ይጎዳ ይሆናል፤ ባትሪውን ግን ሲጎዳ አላየሁም።

ተዳፋትና አምባ

የሜሪላንዱ ዘመድና የአዲስ አበባው ባለመኪና የማይግባቡበት ዋናው ምክንያት ባትሪዎቻቸው የተለያዩ መሆናቸው ሊሆን ይችላል። ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የመኪና ባትሪዎች በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከኮባልት የሚሠራው ኤን ኤም ሲ ነው፤ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፣ ሲሞላ ግን የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ወደ 4.2 ይወጣል፣ ይህም ቁሱን ያስጨንቀዋል። «ከሰማንያ አታሳልፍ» የሚለው ምክር የተወለደው ለዚህ ባትሪ ነው፤ ለዚህም ትክክል ነው።

ሁለተኛው ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ኤል ኤፍ ፒ ነው። ይህን ቁስ ጆን ጉዲነፍና አክሻያ ፓዲ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም አስተዋወቁት። ጉዲነፍ ለሊቲየም ባትሪ ባበረከቱት ሥራ ከስታንሊ ዊቲንገምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ የተገኘውን ይህን ቁስ በሰፊው ወደ መኪና ያስገቡት ግን የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው፤ ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው እንደ ረጅም ሰይፍ የተዘረጋ ባትሪ የዚሁ ዘር ነው። ኮባልትም ኒኬልም የለበትም፣ በቀላሉ እሳት አይዝም፣ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሞላል ይጎድላል። ሲሞላ የአንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ3.65 አያልፍም። ስለዚህ መቶ መሙላት እንደ ኤን ኤም ሲ አያስጨንቀውም።

ያም ሆኖ የራሱ ጠባይ አለው። የኤን ኤም ሲ ቮልቴጅ እንደ ተዳፋት ነው፤ ሲጎድል ወጥ በሆነ መንገድ ስለሚወርድ ኮምፒውተሩ ከፍታውን አይቶ ስንት እንደቀረ ያውቃል። ኤል ኤፍ ፒ ግን አምባ ነው። ጫፍና ጫፉ ገደል፣ መሀሉ ሜዳ። ባትሪው 70 በመቶም ይሁን 40 ቮልቴጁ በጣም ተቀራራቢ ነው፤ ሜዳው መሀል ላይ ያለ ሰው ገደሉ ስንት እርምጃ እንደቀረው በዓይኑ መለካት እንደሚቸግረው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም የገባውንና የወጣውን እየደመረና እየቀነሰ ይገምታል። ግምቱ በየቀኑ ጥቂት ይስታል፣ ስህተቱም ይጠራቀማል። ዳሽቦርዱ 15 በመቶ እያለ መኪናው ድንገት አቅም የሚያጣበት አጋጣሚ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ መቶ ድረስ መሙላት ነው። ኮምፒውተሩ የአምባውን ጠርዝ ሲነካ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ በዚያው ሴሎቹን እርስ በርስ ያመጣጥናል። ቴስላ ለኤል ኤፍ ፒ መኪኖቹ በሳምንት አንድ ጊዜ መቶ መሙላትን ሲመክር፣ ፎርድ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል ይላል።

የቅርብ ጊዜ ምርምር ግን ለኤል ኤፍ ፒም ቢሆን መቶ ላይ መኖር ነጻ እንዳልሆነ አሳይቷል። በካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የጄፍ ዳን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሥራ፣ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ብቻ የሚሞሉና የሚጎድሉ የኤል ኤፍ ፒ ሴሎች ዝቅ ብለው ከሚሠሩት ቀድመው አቅም ያጣሉ። ይህ ከአምራቾቹ ምክር ጋር የሚጋጭ የመሰላቸውን ሰዎች ብዙ አከራክሯል። እኔ ግጭት አይታየኝም። አንዱ የሚናገረው ስለ ሴሉ ጤና ነው፣ ሌላው ስለ ቆጣሪው ትክክለኛነት። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን፣ በተለይ ረጅም መንገድ ሊወጡ ሲሉ፣ መቶ ሞልቶ ወዲያው መንዳት ሁለቱንም ያስማማል። ጉዳቱ ያለው መቶ መድረስ ላይ አይደለም፤ መቶ ላይ መክረም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራስን ባትሪ ማወቅ ነው። የቢዋይዲ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ኤል ኤፍ ፒ ናቸው። በከተማችን በብዛት የሚታዩት በቻይና የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው የኤን ኤም ሲ ቤተሰብ ናቸው፤ ለእነሱ የሜሪላንዱ ምክር ይሠራል። የባትሪውን ዓይነት የሚያሳየው የመኪናው ሰነድ በቻይንኛ ቢሆንም የስልክ ካሜራ ይተረጉመዋል። የቻርጅ ጣሪያ የሚወሰንበትን የመኪናውን ምናሌም እንደዚሁ። ብዙ ባለመኪናዎች ጣሪያ መወሰን እንደሚቻል እንኳ ሳያውቁ ዓመት ያሳልፋሉ፣ ምክንያቱም ምናሌውን ያነበበላቸው የለም።

አሁን ወደ መብራት መጥፋት ፍርሃት ልመለስ፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ መሠረት አለው። በከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት በሚፈጅ መኪና በቀን 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ከ80 እስከ 20 በመቶ ያለው 36 ነው። አምስት ቀን ሙሉ መብራት ባይመጣ እንኳ መኪናው ይሠራል። የነዳጅ ሰልፍ ያስተማረን ስጋት ለዚህ ባትሪ ልክ አይደለም።

ጣቢያው፣ ሙቀቱና ቁልቁለቱ

ፈጣን ቻርጅ ባትሪ ይገድላል የሚባለውስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ከወሬው ይለያል። ሪከረንት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ12 ሺህ በላይ የቴስላ መኪኖችን መዝኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈጣን ጣቢያ በሚሞሉትና እምብዛም በማይጠቀሙበት መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አላገኘም። ምክንያቱ ጣቢያው ብቻውን የማይወስን መሆኑ ነው። የሚገባውን ኃይል የሚፈቅደው የመኪናው ኮምፒውተር ነው፤ ባትሪው ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ከ80 በመቶ በላይ ደግሞ በጣም ያዘገየዋል። ከ80 እስከ 100 ለመሙላት ጣቢያ ላይ መቆም ከ20 እስከ 80 የፈጀውን ያህል ጊዜ ሊወስድ የሚችለው በዚህ ነው፤ ከኋላ የሚጠብቅ ሰው ካለ ደግሞ ነውርም ነው። በአዲስ አበባ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቴሌብር የሚከፈልበት ጣቢያ ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለ አማራጭ እየለመድን ነው። በሳምንት አንዴ ሁለቴ መጠቀም የሚያሳስብ አይደለም። ሙቅ አገር ላይ በየቀኑ፣ ያውም ደካማ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

ለዚህ የኒሳን ሊፍ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ሊፍ ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ሥርዓት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና፣ በተለይ በፊኒክስ ከተማ፣ ባለቤቶች ባትሪያቸው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ አቅሙ እየወረደ መሆኑን ማማረር ጀመሩ። ኩባንያው በኋላ የአቅም ዋስትና ለመስጠት ተገደደ። ያው መኪና በቀዝቃዛ አካባቢ እንዲያ በፍጥነት አልደከመም። ከዚህ የምንረዳው የድሬዳዋ፣ የሰመራና የጋምቤላ ባለመኪና ከአዲስ አበባው ይልቅ የዱባይና የሪያድ ወገኑን ምክር ቢሰማ እንደሚሻለው ነው፤ ጥላ መፈለግ፣ ከረጅም መንዳት በኋላ ባትሪው ጥቂት እስኪበርድ ጠብቆ መሰካት፣ ለሳምንታት ሲቆም ደግሞ በ50 በመቶ ግድም ትቶ መሄድ። ያገለገለ ወይም ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና የሚገዛ ሰውም በጅቡቲ ወደብ ወይም በደረቅ ወደብ ስንት ወር እንደቆመ ቢጠይቅ አይከፋም። የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ሙቀት ሞልቶ የከረመ ባትሪ ዜሮ ኪሎ ሜትር ቢሆንም አዲስ አይደለም።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የታደለች ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ለባትሪ የሚስማማ አየር አላት። የሚኒያፖሊሱ ዘመድ ክረምት ላይ የሚጨነቅበት ነገር እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ይህ ጉዳት ዘላቂ ነው። ለዚህም ነው በዚያ ያሉ መኪኖች ከመሙላታቸው በፊት ባትሪያቸውን የሚያሞቁት። ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው የሚሰጠው ምክር ግማሹ ለብርዱ የተሰጠ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሊጣራ ይገባል።

እኛ ዘንድ ያለው፣ እነሱ እምብዛም የማያነሡት ነገር ተራራ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ የመኪናውን ግፊት መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ባትሪው መቶ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም። እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊቱን መቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ከተማ ሲወርድ መኪናው እንደወትሮው አይዝለትም፤ ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል። ለከፍታ ነዋሪ ሰማንያ የባትሪ ጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍሬንም ጉዳይ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን ከሆነ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ማለት ነው። ከዚህ ከግማሽ በላዩ ወደ ባትሪው ሊመለስ ይችላል። ማዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ያንኑ ሁሉ፣ ከብክነቱ ጋር፣ ይከፍላል። ስለዚህ ጎሃ ጽዮን ላይ በ90 በመቶ መድረስ የግድ አይደለም፤ ድልድዩ ላይ በ15 በመቶ መድረስ ግን አደጋ ነው። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚሄድም ይህን በትንሹ ያየዋል። ሲወርድ ዳሽቦርዱ ያሞግሰዋል፣ ሲመለስ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ያው ርቀት ብዙ ይበላበታል። የአንድ አቅጣጫ ቁጥር ይዞ ደርሶ መልስ የሚያሰላ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ነዳጅም ኤሌክትሪክም ያላቸውን፣ በሶኬት የሚሞሉትን ሃይብሪዶች በተመለከተ ጉዳዩ ያጥራል። ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ይጎድላል። አምራቾች ይህን አውቀው ከላይና ከታች የማይነካ መጠባበቂያ ይተዉለታል። የመጀመሪያው ሼቭሮሌ ቮልት 16 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ኖሮት ለአሽከርካሪው የሚፈቅደው 10 ያህሉን ብቻ ነበር። ዳሽቦርዱ መቶ ሲል ባትሪው በእውነት መቶ አይደለም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ሙሉ ማድረጉ አያሳስብ። የሚያሳስበው አለመሰካቱ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚለቁት ጭስ በወረቀት ከተመዘገበው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱ ዋና ምክንያት ባለቤቶቹ የሚፈለገውን ያህል ቻርጅ ስለማያደርጓቸው ነው። ያልተሰካ ሃይብሪድ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር ቤንዚን በሊታ መኪና ነው።

ስለ ቻርጅ ስናወራ የሚረሱ ሁለት ነገሮችን እዚህ ላንሣ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አልነሣም የሚልበት አጋጣሚ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃው እሱ ነውና ለሳምንታት የሚቆም መኪና ካለ እሱንም ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው ጎሚስታ ቤት ነው። ለዓመታት የቤንዚን መኪና ያነሣ ልጅ ክሪኩን ከወለሉ መሀል ሊያስገባ ይችላል፤ እዚያ ያለው አሁን ሻሲ ሳይሆን የባትሪው ሆድ ነው። ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ ባለመኪናው ራሱ ወርዶ ቢያሳይ ጥሩ ነው። ካንዴላና ፍሪሲዮን የሚያውቅ ጋራዥ ይህን ሁሉ በአንድ ጀንበር ይማራል ብሎ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በኮብልስቶንና በረጃጅም የፍጥነት መግቻ ላይ ሆዱ የተመታ መኪናም ዝም ተብሎ መሰካት የለበትም፤ ከታች ይታይ።

ዋስትናን የሚጠቅሱ አሉ። አምራቾች በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ፣ ይላሉ። ይህ ዋስትና ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በተሸጠበት ገበያ የታሰረ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ የገባ መኪና ዋስትናውን ድንበር ላይ ጥሎት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው እዚህ አገር የባትሪ አያያዝ ከሌላው በላይ የሚያሳስበኝ፤ ባለቤቱ ከራሱ ልማድ በቀር መድን የለውም።

ከሶኬቱ ወዲህ

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ስላለው፣ ስለ መኪናው ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ጉዳይ ያለው ከገመዱ ወዲህ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ባትሪውን የሚጠብቁት ፊውዞች፣ ማቀዝቀዣና ኮምፒውተር አሉ። ሶኬቱን የሚጠብቀው የለም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ እናውቀዋለን። ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ሲጋገርም ሶኬቱ ሞቅ ይላል። ግን እናት ጋግራ በሁለት ሰዓት ትነቅለዋለች። በ16 አምፔር የሚሞላ መኪና ከምጣዱ የማይተናነስ ኃይል ይስባል፤ የሚስበው ግን ሁሉም ተኝቶ፣ 8 እና 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ነው። የላላ ስፒና ወይም ዝገት የያዘ ሶኬት ግማሽ ኦም የምታህል ተቃውሞ ብትኖረው፣ በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት እዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ይፈጠራል። የድሮው የ100 ዋት አምፖል ስንት እንደሚያቃጥል የነካ ያውቀዋል። ያንን አምፖል ሶኬት ውስጥ ከትቶ ሌሊቱን ማብራት ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ እሱ የሚቆጥረው የሚያልፈውን አምፔር ነው፣ አምፔሩ ደግሞ ልክ ነው። ኤክስቴንሽንና ዲቫይደር በመሀል ሲገቡ የሚሞቁት መጋጠሚያዎች ይበዛሉ። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኤክስቴንሽን ደግሞ ሙቀቱን ስለማያስወጣ ከሁሉ ይከፋል።

ከዚያ ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር አለ። በብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው የተገናኘ ሽቦ የለም። መኪናው አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ይህን ይፈትሻል፣ ካጣም ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን እምቢታ ነው። ይህን እምቢታ ለማለፍ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር የሚያገናኙ ባለሙያ ነን ባዮች መኖራቸው ያሳዝነኛል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላቀቅ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ዝናብ በጠጣ ግቢ ውስጥ በባዶ እግሩ በሩን የሚነካው ደግሞ ልጅ ሊሆን ይችላል። መሬት ተቆፍሮ የሚቀበር ዘንግና የሚለካው ባለሙያ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደሉም።

ለብዙዎቻችን ደግሞ ዝግተኛው ቻርጅ በቂ መሆኑን ሒሳቡ ይናገራል። በ10 አምፔር የሚሞላ መኪና ከብክነቱ በኋላ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባለታል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ሰው የበላውን በሦስት ሰዓት ተኩል ይተካል። 8 ሰዓት ቢሰካ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይገባለታል፤ ለ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይህ ከሩብ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ ምናሌው በቻይንኛ ሆኖ ጣሪያ መወሰን ያቃተው ሰው እንኳ፣ ባትሪው 50 ሲደርስ ማታ ሰክቶ ጠዋት ቢነቅል ሳያስበው ከሰማንያ በታች ያድራል። ቻርጀሩ ላይ አምፔር መቀነሻ ካለ ደግሞ 16ን ወደ 10 ማውረድ የሶኬቱን ሙቀት በግማሽ ሳይሆን ከዚያም በላይ ይቀንሰዋል፤ ሙቀቱ የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነውና። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መብራቱም ሄድ መጣ ይላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሰካት ለመኪናውም ለጎረቤቱም ይሻላል።

በ32 አምፔር፣ በ7 ኪሎዋት፣ ልሙላ የሚል ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከብሬከሩ ተነሥቶ ለመኪናው ብቻ የሚሄድ የራሱ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር ያስፈልገዋል። ቆጣሪውና ከምሰሶው የሚመጣው መስመር ይህን ይችል እንደሆነም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ያ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ መቶዎች ኪሎ ሜትር በትላልቅ ምሰሶዎች ይመጣል። የሚጎዳን እሱ አይደለም፤ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ያለችው የመጨረሻዋ 20 ሜትር ናት፣ እሷም በእኛ እጅ ናት። ዛሬ ማታ መኪናዎ ከተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወርደው የስፒናውን ፕላስቲክ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ለብ ያለ ከሆነ ይቀጥል። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ይንቀሉት። ነገ ጠዋት የሚጠራው ሰውም መካኒክ ሳይሆን የመብራት ባለሙያ ነው።